ወደ መተማ እንግዳ ይዘሽ ከመውረድሽ በፊት

የጻፍሽውን የጉዞ ዕቅድ ከኋላሽ ቆሜ አነበብኩት። «ጠዋት ከጎንደር መነሻ፤ ቀትር ላይ መተማ፤ አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ቦታ፤ ፎቶ፤ ማታ ጎንደር።» እታለም፣ ይህን ሰርዢው። በዚህ ዕቅድ የሚወርድ እንግዳ ላብና አቧራ ይዞ ይመለሳል እንጂ መተማን አያይም።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የሥራሽ ግማሹ ተሠርቶልሽ ያለቀ ነው። ግንቡ ቆሟል፤ አንቺ ዓመቱን ብትስቺ እንኳ እንግዳው ቀና ብሎ የሚያየው አያጣም። መተማ ላይ ግንብ የለም። ከመኪና ሲወርድ የሚያገኘው ቆርቆሮ የለበሱ ሱቆች፣ ተሰልፈው የቆሙ የጭነት መኪኖች፣ ባጃጅና ሙቀት ነው። «ንጉሠ ነገሥት እዚህ ሞቱ» ስትይው ዙሪያውን ይቃኛል፣ ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ የት እንደሚገኝ ይጠይቅሻል። ስለዚህ ታሪኩን ድንበሩ ላይ ደርሰሽ አትጀምሪው፤ ከአዘዞ ጀምሪው።

ከታሪኩም በፊት ግን መንገዱ ይቀድማል። ይህ መንገድ በእነዚህ ዓመታት ተኩስም እገታም አይቷል፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ባለፈው ሳምንት የሰማሽው ለዛሬ አይሠራም። በዚያው ቀን ጠዋት ከታች የገቡ ሾፌሮችን አዘዞ ላይ ጠይቂ፤ ገንዳ ውኃ ላለ ለምታምኝው ሰው ደውዪ፤ ስልኩ አልሠራ ካለ እሱም ራሱ መልስ ነው። ጥርጣሬ ካለ አትነሺ። የከፈሉሽን መልሺላቸው፤ ገንዘብ በሌላ ጊዜ ይገኛል። ለውጭ አገር ሰዎች ደግሞ ገና ከመምጣታቸው በፊት ንገሪያቸው፤ መንግሥታቸው «አትሂዱ» ባለበት አካባቢ የጉዞ መድናቸው ብዙ ጊዜ አይሠራም። ይህን ደብቀሽ የምታገኝው ደንበኛ አይጠቅምሽም። የቀረውን ሁሉ የምነግርሽ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ ለምትሄጂው ጉዞ ነው።

ወሩንም ምረጪ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ከወጣሽ ዋልካው መኪናሽን ይይዘዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ደጋ ለለመደ ሰው ከባድ ነው። የጦርነቱ ቀን መጋቢት ላይ ስለሚውል አንዳንዱ እንግዳ በዚያ ወር ካልወረድኩ ይልሻል፤ ከፈለገ ይውረድ፣ አንቺ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስነሥተሽ 4 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ሥር አስገቢው። ከሁሉ የሚሻለው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። አጎበርና የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ሳይይዙ አይውረዱ። ወባው አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ፤ ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር ማደር ለእንግዳ የሚፈቀድ ነገር አይደለም።

አሁን መንገዱን እንያዝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መተማ 700 ሜትር አካባቢ ናት። ይህ ሁሉ ቁልቁለት 200 ኪሎ ሜትር ግድም በሆነ መንገድ ላይ ነው። ጭልጋ፣ አይከል ላይ አቁሚና ቡና አጠጫቸው፤ ሹራብ የሚያስፈልግበት የመጨረሻው ቦታ ነው ብለሽ ንገሪያቸው። ከዚያ ወደ ነጋዴ ባሕር ስትወርጂ መስኮቱን ክፈቺው እንጂ ማቀዝቀዣ አታብሪ። አየሩ ሲለወጥ፣ ዛፉ ሲለወጥ፣ የቤቱ አሠራር ሲለወጥ በአካላቸው ይወቁት። የጎንደር ነገሥታት ይህን ቆላ ለምን አጥብቀው እንደያዙት የሚገባቸው ያን ጊዜ ነው። ደጋው ላይ የሌለው ነገር ሁሉ በዚህ በኩል ይገባ ነበር፤ የደጋው ቡና፣ ሰም፣ በቅሎና ወርቅ ደግሞ በዚህ በኩል ይወጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ያለፈው በዚሁ ቆላ አድርጎ ነው። የአውሮፓ እንግዳ የብሩስን ስም ብዙ ጊዜ ያውቃልና እዚህ ላይ ብታነሺው መንገዱ የራሱም ይሆንለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፤ ዓመቶቹን ለእንግዳ ስትናገሪ በእኛም በእነሱም አቆጣጠር ንገሪ። 1881 ዓ.ም. ብለሽ ዝም ካልሽ እሱ በራሱ 1881 ይመዘግብና ቤቱ ገብቶ ሲያነብ የማይገናኝ ነገር ያገኛል፤ በእነሱ 1889 ነው። በጉዞው ሁሉ ይህን አትዘንጊ።

ገንዳ ውኃ እደሩ። የምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ ናት፤ አልጋውም ምግቡም እዚያ ይሻላል። በዕቅድሽ ላይ ያላየሁትና በጣም የምፈልገው ግን በማግሥቱ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብላችሁ የምታዩት ነገር ነው፤ ሰሊጥና ዕጣን። እንግዶችሽ የመጡት ለታሪክ ነው ትይኛለሽ። ይህ አገር ለምን ነጋዴ እንደሚስብ፣ ለምን ጦር እንደሚስብ ያለ ሰሊጥና ዕጣን ልታስረጂ አትችይም።

ጥቅምት ላይ ከሆናችሁ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ ሂላ ሆኖ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱን አስፈቅጂና ቅርብ ሂዱ። ፍሬው የሚቀመጥበት እንክብል ሲደርቅ ከላይ ይሰነጠቃል፤ ነዶው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ቢጋደም ፍሬው መሬት ላይ ያልቃል። ሠራተኛው ነዶውን ቀስ ብሎ አቅፎ ያነሣና ሸራ ላይ ይዘቀዝቀዋል፣ በዱላ መታ መታ ያደርገዋል፤ ነጩ ሰሊጥ ይዘንባል። ትንሽ ቆይቶ የቀረው እንክብል ሲከፈት እንደገና ያራግፈዋል። የዘገየ አጨዳ ማለት የፈሰሰ ሰሊጥ ማለት ነው፤ ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ቆላው በሰው ይሞላል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የመጣ ወጣት በሺሕ ይወርዳል፤ ወባውም ካላዛሩም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ሥራውን አታስቁሚ፣ በቀን ሒሳብ ነው የሚከፈለው፤ የምታስቆሚው ከሆነ የሰዓቱን ክፈዪው። ይህ ሰሊጥ ከዚህ ተነሥቶ በምርት ገበያ መጋዘን በኩል አልፎ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እንግዳሽ አገሩ ዳቦ ላይ የበላው ሊሆን ይችላል ብትይው ውሸት አልተናገርሽም።

የዕጣኑን ዛፍ ደግሞ በበጋ ነው የምታሳዪያቸው፤ ቅጠሉን አራግፎ ባዶውን ሲቆም። ቅርፊቱ ወረቀት የመሰለ ስስ ልጣጭ አለው። ቆራጩ ከላዩ ላይ ጣት የምታህል ጥቂት ቦታ ብቻ ይልጣል፤ ጠልቆ ከቆረጠ ዛፉን ይጎዳዋል። ወዲያው ወተት የመሰለ ነጭ ጠብታ ይወጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲደርቅ ይለቅመዋል፣ ቁስሉን ጥቂት ሰፋ ያደርገዋል፣ እንደገና ይጠብቃል፤ ዝናብ እስኪመጣ እንዲህ ይቀጥላል። እንግዳሽ በልጅነቱ ስለ ዕጣን የሰማው ከልደት ታሪክ ነው፤ እዚህ ዛፉን በእጁ ይዳስሰው። ከዚያ የሚያስጨንቀኝን ነገር ንገሪልኝ። እነዚህ ዛፎች እያረጁ ነው፤ በጥናትም ታይቷል፤ ሥራቸው የሚበቅለው ችግኝ በከብትና በእሳት እያለቀ ወጣት ዛፍ አይተካም፤ ከልክ በላይ የሚቆረጥ ዛፍም ዘሩ ይደክማል። እርሻው በየዓመቱ ጫካውን እየገፋ ነው። እኔ ሰሊጥ ነጋዴ ነኝ፤ ያ እርሻ እንጀራዬ ነው፤ ቢሆንም ይህን ስትናገሪ አታለሳልሺው።

አሁን መተማ ዮሐንስ እንግባ። በኮኪት አድርጋችሁ ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ገበያ ውሰጃቸው። ከተማዋ ከጦርነቱ በፊት በጣም የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲጓዙ እዚህ የቀሩ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች አካባቢውን ይዘው በራሳቸው ሼኽ ይተዳደሩ ነበር፤ ለሁለቱም ወገን፣ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብሩ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1862) ደርሶባት ስለ ገበያዋ ጽፏል። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ የዝሆን ጥርሱ እዚህ ይለወጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን አትዝለይው። በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ብዙ የተጎዱት የዚሁ ቆላ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ በመተማና በቋራ ጎረቤቶቻችን የሆኑት ጉሙዞች ከእነሱ አንዱ ናቸው። በገበያ ቀን ከቀስታቸው ጋር ሲመጡ ካሜራ የሚደግን እንግዳ ካለሽ እጁን ያዢው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ።

አንድ ሌላ ሰውም እዚህ አልፏል፤ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ለአፄ ቴዎድሮስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም። በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ደርሶ ለመግባት ፈቃድ ጠብቋል። ደብዳቤው ደረሰ፤ ራሳም ግን እስረኛ ሆኖ መቅደላ ቀረ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መጣ። ደብዳቤውን የተቀበሉት ንጉሥ ደግሞ የዚሁ ቆላ ልጅ፣ የቋራው ካሣ ናቸው። ከመንገሣቸው በፊት በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብፅ መድፍ ተመትተው የተመለሱት በዚሁ ጠረፍ ነው፤ ኋላ መድፍ መድፍ ያሰኛቸው ያ ቀን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ከተነገረው በኋላ እንግዳሽ መተማን የአንድ ቀን ጦርነት ቦታ አድርጎ አያያትም።

ወደ ጦርነቱ ስትገቢ ደግሞ ከጦርነቱ ቀን አትጀምሪ። ከከተማው ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙና ከደብዳቤና ከውል ጀምሪ። ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ካርቱም ላይ የሞተውን ጎርደንን ያውቃል፤ እሱን ይዘሽ ወደ ዮሐንስ አምጪው። በሱዳን ማህዲ ተነሥቶ የግብፅ ጦር ሰፈሮች በተከበቡ ጊዜ እንግሊዞች በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋሉ፤ የሂዌት ውል ይባላል። ንጉሡ የተከበበው ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ሊረዱ፣ ቦጎስ ሊመለስላቸውና ምጽዋ ለንግዳቸው ነፃ ሊሆን። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ፤ የመተማው ጦር ሳይቀር በዚህ በኩል ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ጣልያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘ። ለዮሐንስ የቀረላቸው የማህዲ ተከታዮች ጠላትነት ነው። እንግዶችሽ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ፤ ይበሉ።

ከዚያ በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲ ተከታዮች ጦር መሪ ሐምዳን አቡ አንጃ ሣር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። አፄ ዮሐንስ በእነሱ አቆጣጠር በ1888 መጨረሻ ላይ ለአቡ አንጃ የእርቅ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የአውሮፓ ኃይል ለሁለታችንም ጠላት ነው፣ ድሆቻችንን አንጨርስ የሚል ነበር ሐሳቡ። መልሱ ስድብ ሆነ። ይህን ደብዳቤ አጥብቀሽ ንገሪ። ብዙ አስጎብኚ ይዘለዋል፤ እኔ ግን የጦርነቱ ታሪክ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የሆነውን አጭር አድርጊው። አቡ አንጃ በበሽታ ሞቶ ዘኪ ቱማል ተተክቷል፤ ጦሩ በእሾህ አጥር የተከበበ ትልቅ ምሽግ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ጥሶ መግባት ጀመረ፤ ድሉ የእኛ መሰለ። በዚያ መሐል ንጉሡ በጥይት ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ፤ ንጉሡ በማግሥቱ አረፉ። አስከሬኑን ይዘው ወደ ኋላ ሲሸሹ የዘኪ ሰዎች ደረሱባቸው፤ የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲጠብቁ ወደቁ፤ የንጉሡ ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም፤ ነገሩ ራሱ ከባድ ነው።

በዚያም ወገን የተጎዳው እንዲህ ቀላል አይደለም። ድሉ የማህዲን ተተኪ የከሊፋውን ምርጥ ሠራዊት በልቶታል። በዚያው ጊዜ ረኀብ ሁለቱንም አገር መታ፤ በእኛ ክፉ ቀን፣ በሱዳኖች ደግሞ በእስልምና አቆጣጠር 1306 ስለነበር የስድስቱ ዓመት ይሉታል። ከዚህ ጦርነት ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ውጫሌ ላይ ከጣልያን ጋር ተዋዋሉ፤ ዘጠኝ ዓመት አልፎ እንግሊዞች ኦምዱርማን ገቡ። ጎረቤታሞች ሲዋጉ ሌላው እንደጠቀመው እንግዳው ራሱ ይቆጥረዋል።

ስትናገሪ ማን አጠገብሽ እንዳለ ደግሞ ተመልከቺ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ብዙ ሰው በዚህ በር ገብቷል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከጎንሽ የተቀመጡት እናት የኦምዱርማን ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የአባቶቻቸውን ጦር «አረመኔ» እያልሽ በእንግዳ ፊት አትጩሂ። ያደረጉትን ንገሪ፣ የተቃጠለውን ንገሪ፣ ስድቡን ተዪው። ስደተኛ ደግሞ በምንም ዓይነት ፎቶ አይነሣም፤ ጦርነት ያመለጠ ሰው ለጉብኝት አይታይም። ፉል በልታችሁ፣ ዝንጅብል ያለበት የሱዳን ቡና ጠጥታችሁ፣ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። እንግዳ ከሰዎቹ ጋር የሚቀራረበው እዚያ ነው።

ድንበሩ ላይ ጉምሩኩንም፣ ኬላውንም፣ ድልድዩንም፣ ወታደሩንም ፎቶ አታስነሺ። ማዶ ገላባት ነው፤ በዓይን ይታያል፤ ማየት ይበቃል። እንግዳው «ድንበር እንዲህ ቅርብ ነው?» ካለሽ የጎሪዚያን ነገር አንሺለት፤ በጣልያንና በስሎቬንያ መካከል፣ ከ1947 (እ.ኤ.አ.) በኋላ በድንበር የተከፈለች ከተማ ናት። በባቡር ጣቢያው አደባባይ ላይ የነበረው አጥር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ተነሣ፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከማዶዋ ኖቫ ጎሪጻ ጋር ሆና የአውሮፓ የባህል ከተማ ተባለች። መተማና ገላባትም በአንድ ገበያ የኖሩ ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ለእኛም እመኛለሁ።

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በአምስት ደቂቃ ጨርሺው። ጣልያን በ1932 ክረምት መግቢያ ገላባትን ያዘ፤ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዊልያም ስሊም የሚያዝዘው የህንድ ብርጌድ አስለቀቀው፤ መተማን ግን መያዝ አልቻለም፤ ታንኮቹ በድንጋዩ ተሰባበሩ፣ የጣልያን አውሮፕላን ደበደበው፣ ወደ ኋላ ተመለሰ። ስሊም ኋላ በርማ ላይ ስሙ የገነነ ጄኔራል ሆነ፤ ስለዚያ ቀን ውሳኔው በመጽሐፉ ራሱን ወቅሷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. የገቡት ግን በዚህ አይደለም፤ ወደ ደቡብ በኦሜድላ ነው፤ እንግዶች ያምታቱታልና አርሚላቸው።

ቋራንና አልጣሽን በአንድ ቀን ጎን ላይ እንዳትለጥፊያቸው። አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ወጥመድ የተነሡት አንበሶች ዓለምን ያስገረሙት እዚያ ነው። መግቢያው በገለጉ በኩል ነው። ለብቻው ጉዞ፣ ለብቻው ፈቃድ፣ ለብቻው ጠባቂ ይፈልጋል። አንበሳ እናያለን ብለሽ ቃል አትግቢ።

መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ እንግዳሽን ባዶ አትስደጂው። የመተማ ታሪክ ግማሹ ጎንደር ነው ያለው። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጀምሪ፤ በ1880 ቃጠሎ የተረፈችው እሷ ናት፤ ንብ ወጥቶ ጠበቃት የሚለውን የአገሩን ወሬ እንደ ወሬ ንገሪው። ከዚያ የተቃጠሉትን ደብሮች በእግር አዙሪው፤ ውሉን፣ ደብዳቤውን፣ የእሾህ አጥሩን እዚያው ቆመሽ ልትነግሪው ትችያለሽ። ከሰዓት በኋላ ገበያ ውስጥ የመተማ ዕጣንና ሰሊጥ አሽትቺው፣ አቅምሺው። ይህን ጉዞ በወረቀት አስቀምጪና ከዋናው ጋር አብረሽ አሳዪው፤ ዋጋውን ለየብቻ ጻፊ፤ የዋናውን ጉዞ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ ወደ ሁለት ቀይሪው።